ክር ይጠብቃል፣ ሊጥ አይጠብቅም

በቁም ሳጥኔ ግርጌ አንድ ጥቁር ፌስታል አለ። ቤተሰቡ በሙሉ ያውቀዋል፤ የሚነካው ግን የለም። ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ ውስጡ ጅብ ያለ ይመስላቸው ነበር። አድገው ሲከፍቱት ከጅብ የባሰ ነገር አገኙ፦ እናታቸው ጀምራ ያልጨረሰችውን ሥራ ሁሉ።

ፌስታሉ በዓመት አንዴ ይወጣል። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፤ ኅዳር 16 ፌስታሉ አልጋ ላይ ይዘረገፋል፤ እኔም ፊቱ ቆሜ «ገና ሳይደርስ ሁሉንም እጨርሳለሁ» ብዬ እምላለሁ። አርባ ምናምን ቀን ከሩቅ ሲያዩት ብዙ ነው። ታኅሣሥ ሲጋመስ ግን ዱቄቱ፣ እርሾው፣ ጥቁር አዝሙዱና ኮረሪማው ቤት መግባት ይጀምራሉ፤ በዓሉም አንድ እጄ ክር፣ አንድ እጄ ሊጥ እንደያዘ ይደርስብኛል። በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ይብሳል። ገና ከ29 ወደ 28 ስለሚመጣ አንድ ቀን ተሰርቄ አድራለሁ። አባቶች ይህን ሲወስኑ ዳንቴል የምትሠራ ሴት አላማከሩም።

የፌስታሉን ሀብት ልቁጠርላችሁ።

ዋነኛው የቴሌቪዥን ዳንቴል ነው። የጀመርኩት በ1997 ዓ.ም. ነው። ያኔ የነበረን ቴሌቪዥን ባለ 21 ኢንች ሆኖ፣ ከኋላው እንደ ሩቅ አገር ነጋዴ ስልቻ ያዘለ ነበር። አናቱ ሰፊ ስለሆነ ዳንቴል ይነጠፍበታል፤ በዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ከአበባው አጠገብ የሠርግ ፎቶ ይቀመጥበታል። ዳንቴሉ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ቴሌቪዥኑ ሞተ። በእግሩ የተተካው ጠፍጣፋ ነው፤ አናቱ ላይ ዝንብ እንኳ ተመቻችታ አትቀመጥም። ተስፋ አልቆረጥኩም፤ አንድ ቀን ዳንቴሉን እንደ ሙሽራ ዓይነ ርግብ ከላይ አውርጄ ብጋርደው ባለቤቴ፣ «ዜና አንባቢዋ ወንፊት ውስጥ ገባች» አለ።

ቀጥሎ ባለ አንድ እጅጌ ሹራብ አለ። የጀመርኩት ለእጮኛዬ ነው። እጮኛዬ ቀጭን ነበር። አሁን ቤቴ ያለው ሰው ግን ባለቤቴ ነው፤ ሁለቱ በስም አንድ ይሁኑ እንጂ በወገብ አይተዋወቁም። ከዚያ የፍሪጅ እጀታ ልብስ አለ፤ የቀረው ቁልፍ መትከል ብቻ ነው። (ፍሪጅ ከመቼ ወዲህ እንደሚበርደው አትጠይቁኝ።) ስድስት ይሆናሉ ተብለው አራት ላይ የቆሙ የብርጭቆ ማስቀመጫዎችም አሉ፤ በእነሱ ምክንያት እንግዳ የምጠራው አራት አራት ሆኖ ቀርቷል። ከሁሉ በታች ደግሞ ቢጫ የሕፃን ብርድ ልብስ አለ። እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ይህን አመል ያስያዘኝ ትምህርት ቤት ነው። ደሴ ተማሪ ሳለሁ «እጅ ሥራ» የሚባል ክፍለ ጊዜ ነበረን። ጥልፍ፣ ዳንቴልና ሹራብ የተማርነው እዚያ ነው። ኪሮሽ መግዣ ያልነበረን ልጆች የተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ጫፉን ቆልምመን እንሠራ ነበር። መምህርታችን ያለቀ ሥራ አይተው አያውቁም፤ ሥራው ሳያልቅ ዓመቱ ያልቃልና። ማርክ የሚሰጡን «እስካሁን የደረስሽበትን አሳዪኝ» ብለው ነው። እኔም ይኸው፣ እስካሁን የደረስኩበትን እያሳየሁ እኖራለሁ።

መምህር ሆኜ መቐለ ስመደብ ኪሮሼን ይዤ መጣሁ፤ አገባሁ፤ ቀረሁ። ቤታችን ብዙ ቋንቋ ይነገርበታል። ዳንቴልና ኪሮሽ ከፈረንሳይኛ የመጡ ቃላት ናቸው፤ ፉርኖው ከጣሊያንኛ ነው፤ ሕምባሻው ትግርኛ ነው፤ ሲያርርብኝ የምቆጣው ደግሞ በአማርኛ ነው።

አማቴን እንደ ባለቤቴ «አደይ» እላቸዋለሁ፤ እናቴ ማለት ነው። አደይ ሰማንያን አልፈዋል፤ እንዝርታቸውን ግን እስከ ዛሬ አላስቀመጡም። ጥጡን ይፈለቅቃሉ፣ ያባዝታሉ፣ ይፈትላሉ፣ ለሸማኔ ይሰጣሉ፣ ጋቢ ሆኖ ሲመጣ ያለብሱናል። እሳቸው ዘንድ ሥራ ማለት መጨረሻው ሰው ጀርባ ላይ የሚታይ ነው። ዳንቴሌን መጀመሪያ ያዩት ጊዜ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው ሲያገላብጡት ቆዩና፣ «ልጄ፣ ቀዳዳውን እኮ ነው በክር የከበብሽው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ዳንቴልን እንዲህ አድርጎ የገለጸልኝ ሰው አላገኘሁም።

ባለቤቴ የታሪክ መምህር ነው፤ ሲቀልድብኝ እንኳ ዓመተ ምሕረት ይጠቅሳል። «አፄ ዮሐንስ» ይለኛል፣ «እዚህ መቐለ ያን የሚያህል ቤተ መንግሥት ለጣሊያናዊው ለጃኮሞ ናሬቲ ሰጥተው በጥቂት ዓመት አስጨርሰዋል፤ ያውም በድንጋይ። አንቺ በክር ሃያ ዓመት!» ቤተ መንግሥቱ በ1870ዎቹ ተሠርቶ እስከ ዛሬ ቆሟልና መልስ የለኝም። ሌላ ቀን የመቐለውን እንዳ እየሱስ ያነሣል። በ1888 ዓ.ም. ከዐድዋ ጦርነት በፊት እዚያ ኮረብታ ላይ መሽገው የነበሩት ጣሊያኖች፣ በእቴጌ ጣይቱ ብልሃት ውኃቸው ተይዞባቸው በሁለት ሳምንት ገደማ ምሽጉን ለቀዋል። «አዛዣቸው ሻለቃ ጋሊያኖ እንኳ በሁለት ሳምንት ለቀቀ። አንቺ ይህን ዳንቴል የምትለቂው መቼ ነው? ምናልባት ውኃ ሊቆረጥብሽ ይገባል» ይላል።

ለዚህኛው መልስ አለኝ። «መቐለ ውስጥ ውኃ ያልተቆረጠበት ሳምንት መቼ አለና? ዘዴው ቢሠራ ኖሮ ይኼኔ ፍሪጁን በሙሉ አልብሼው ነበር።»

ሲሸነፍ ወደ ኢንዱስትሪ ይዞራል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለጨርቃ ጨርቅና ለአልባሳት የተሠራ መሆኑን ያስታውሰኛል። «ማሽኑ ሹራብ ሠርቶ፣ አጥፎ፣ ካርቶን ውስጥ ሲያስገባ አንቺ ገና መነጽርሽን እየፈለግሽ ነው» ይላል። እውነቱን ነው። መነጽሬ ብዙ ጊዜ ፌስታሉ ውስጥ ይገኛል።

ነገሩ ግን ስንፍና ብቻ አይደለም፤ ሒሳብም አለበት። ክብ ዳንቴል ከመሀል ተነሥቶ ወደ ዳር ይሰፋል። የመጀመሪያው ዙር ቡና እስኪቆላ ያልቃል። አሥረኛው ከአቦል እስከ በረካ ይፈጃል። ሠላሳኛው ምሽቱን ሙሉ ይበላል። ሰው ግን የሚጨርስበትን ቀን የሚናገረው በመጀመሪያው ዙር ፍጥነት ለክቶ ነው። ቤት የሠራ ሰው ይህን ይረዳኛል፤ ሠርግ የደገሰም።

ሕምባሻም ክብ ነው። ጌጡም ከመሀል ተነሥቶ እንደ ፀሐይ ጨረር ወደ ዳር ይወጣል፤ ላየው ሰው ከዱቄት የተሠራ ዳንቴል ነው። ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ሁለቱን አብሬ ይዤ በኖርኩበት ዘመን የተማርኩት ይህንን ነው፦ ክር ይጠብቃል፣ ሊጥ አይጠብቅም። ክሩን መሀል ላይ ጥለሽው ብትሄጂ፣ ወልደሽ አሳድገሽ፣ ድረሽ ብትመለሺ፣ ኪሮሹ ያው እንደተሰካ ይጠብቅሻል። ሊጥን ግን «መጣሁ» ብለሽው ጎረቤት ደርሰሽ እስክትመለሺ ክዳኑን ገፍቶ ወለል ላይ ይወርዳል።

ይህን የተማርኩት በቀላሉ አይደለም። አንድ የገና ዋዜማ ሊጡ ኩፍ እስኪል «አንድ ዙር ብቻ» ብዬ ተቀመጥኩ። ለዳንቴል ሠሪ «አንድ ዙር ብቻ» ማለት ለጠጪ «አንድ ብርጭቆ ብቻ» እንደማለት ነው። ቀና ስል ሊጡ ከገበቴው አልፎ ጠረጴዛውን ሊያለብስ ነበር። ክሩን እንደያዝኩ ተንደርድሬ ሰበሰብኩት፣ አድቦለቦልኩት፣ ጋገርኩት። በማግስቱ ጎረቤቴ ከሕምባሻው ቆርሳ ስታላምጥ ቆየችና ከአፏ ነጭ ክር መሳብ ጀመረች። ሳበች። ደግማ ሳበች። ክንድ ያህል ወጣ። ጨዋ ሴት ናትና ክሩን በጣቷ ጠቅልላ ሰሃኑ ዳር አስቀመጠችና፣ «ርሑስ በዓል» አለችኝ።

ሌላ ዓመት ደግሞ ጨው ረሳሁ። ገሃድ ነው፣ ጾም ነው፣ ቀምሶ ማየት የለም፤ እኔም ሳቦካ ልቤ የብርጭቆ ማስቀመጫው ላይ ነበር። ሌላ ከተማ ቢሆን ነውሩ ባልከፋ። መቐለ ግን የጨው ገበያ ናት። ደናክል ላይ ተጠርቦ በግመል የሚጫነው አሞሌ በበራሕለ በኩል ወጥቶ ሲራገፍባት የኖረች ከተማ ናት፤ ያ አሞሌ በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ ሲመነዘር ኖሯል። አደይ አንድ ጊዜ ቆርሰው አላመጡና፣ «ዘንድሮ ግመሎቹ በሌላ መንገድ ሄዱ መሰለኝ» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

እንግዲህ ወደ ቢጫው ብርድ ልብስ ልምጣ።

በ2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያለችው ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። ነሐሴ ላይ እንደምትወልድ ነገረችኝ፤ ወንድ ይሁን ሴት አልታወቀምና ለሁለቱም የሚሆን ቢጫ ክር ገዝቼ ጀመርኩ። በጦርነቱ ምክንያት ሰኔ ማለቂያ ላይ ስልክ ተቋረጠ። መብራቱም፣ ባንኩም፣ መንገዱም። ነሐሴ መጣ፣ ሄደ። ወለደች? ምን ወለደች? ደኅና ናት? የሚነግረኝ የለም። ሌላ የማደርገው ስላልነበረ ብርድ ልብሱን ሠራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈጥኜ ሠርቼ አላውቅም። በኩራዝ ስሠራ ክሩን የሚያየው ኪሮሹ እንጂ ዓይኔ አልነበረም። ከሦስት እጅ ሁለቱ ሲያልቅ ክሩ አለቀ። ገበያ ወጣሁ፤ እንኳን ቢጫ ክር ስኳርም አልነበረም።

ለልጆቼ ካልሲ የሠራሁት ያኔ የድሮ ሹራቦቼን ተርትሬ ነው። ባለ አንድ እጅጌው ከመተርተር የተረፈው ባለቤቴ ስለለመነ ነው። «እሱን ተዪው፣ አሁን ይበቃኛል» አለኝ። ለብሶ አሳየኝ። በቃው። በዚያ ዓመት እጮኛዬና ባለቤቴ በወገብ ተገናኝተው ነበር፤ ሁለታችንም ግን አልሳቅንም።

የ2014 ገና ሕምባሻ አራት ቤት አዋጥተን ያቦካነው ነው። ስንዴው አልበቃ ብሎ ገብስ ገባበት፤ እርሾው ያደረ ሊጥ ነው። ከምጣዱ ሲወጣ የቡና ረከቦት አያህልም። አደይ ግን ጌጡን በቢላዋ ሲያወጡ ከሌላው ዓመት እጥፍ ጊዜ ወሰዱ። ልጆቹ ምራቃቸውን እየዋጡ ሲቁነጠነጡ፣ «ትንሽ ሲሆን ማማር አለበት» አሉ።

በኅዳር 2015 መጨረሻ መብራት መጣ። ታኅሣሥ 19 አውሮፕላን አረፈ። በዚያው ሰሞን ስልኩም ተመለሰ። የእህቴን ቁጥር እየተንቀጠቀጥኩ መታሁት። አንድ ሰው አነሣው፤ ተነፈሰብኝ፤ ከዚያ «ባ!» አለኝና ዘጋው። ከእህቴ ልጅ ጋር የተዋወቅነው እንዲህ ነው። ወንድ መሆኑን፣ መራመድ መጀመሩን፣ የስልክ ነገር እንደሚወድ ያወቅሁት ሁለተኛ ስደውል ነው። ብርድ ልብሱን አውጥቼ አየሁት። ለሚራመድ ልጅ ጉልበቱን እንኳ አይሸፍንም።

ክር ይጠብቃል ብያችሁ ነበር። ክሩማ ጠብቋል። ልጁ ነው ያልጠበቀው። ብርድ ልብሱን አጣጥፌ ፌስታሉ ውስጥ፣ ከሁሉ በታች አስቀመጥኩት።

ባለፈው ገና እህቴ ልጇን ይዛ መጣች። ልጁ አራት ዓመት አልፎታል፤ ጥያቄው ግን የአርባ ዓመት ሰው ነው። ፍሪጁን፣ አደይን፣ እንዝርቱን፣ አንድ በአንድ መረመረ። የበዓሉ ዋዜማ ማለዳ ሊጡን አቦካሁ፤ ጨው ጨመርኩ፤ ጨው መጨመሬን ጮክ ብዬ ተናገርኩ፤ አደይም ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሊጡ ግን አልነሣ አለ። መቐለ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ ሊጥን ያፈጥነዋል ይባላል፤ የታኅሣሥ ብርድ ደግሞ ያስተኛዋል። ሁለቱ ሲጎትቱት ሊጡ ግራ ገብቶት ቁጭ አለ። ልሸፍነው ጋቢ ብፈልግ ጋቢው ሁሉ ሰው ላይ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ጋቢ አይገፈፍም።

አደይ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ፣ «ያ ቢጫው የት አለ?» አሉ።

ደነገጥኩ። ፌስታሉን የሚያውቅ ሁሉ ስለ ቢጫው አንሥቶብኝ አያውቅም።

«ያለቀ መሰለዎት አደይ? አላለቀም እኮ።»

«ሊጡ ምን አገባው? አምጪው። ኣጆኺ።»

አመጣሁት። ሊጡን በሥሥ ነጠላ ሸፈንን፣ ቢጫውን ከላይ ደረብንበት። ልክ ሆነ። ለሕፃን ያነሰው ለገበቴ በቃ። ከቀትር በኋላ ሊጡ ኩፍ ብሎ ብርድ ልብሱን እንደ ሆድ ነፋው። በክብ አድቦልቡለን፣ ምጣዱ እስኪግል እንደገና ያንኑ ነጠላና ያንኑ ብርድ ልብስ አለበስነው። ምጣዱ ሊግል ሲል መብራት ጠፋ። «የበዓል ዋዜማ መሆኑን ያወቅነው ይኼኔ ነው» አለ ባለቤቴ። ከሰል ሊያቀጣጥል ወጣ።

ልጁ ከእንቅልፉ ነቅቶ ወጥ ቤት በር ላይ ቆመ። ቢጫውን አየ።

«አክስቴ፣ እዚህ ውስጥ ማነው የተኛው?»

«ሊጥ።»

«በርዶት ነው?»

«አዎ።»

«የማን ብርድ ልብስ ነው?»

እህቴ እኔን አየችኝ፤ እኔ ኪሮሽ የያዝኩ ይመስል እጄን አየሁ። «ያንተ ነው» አልኩት። «ሳትወለድ የጀመርኩልህ።»

ትንሽ አሰበ። ከእግሩ እስከ ራሱ ለካው። ከዚያ ገበቴውን በጣቱ ነካ አድርጎ፣ «እሺ፣ እስኪነሣ ይልበሰው» አለ።

ከሰሉ ሲፋፋም አደይ ጌጥ ለማውጣት ቢላዋቸውን ይዘው መጡ። ብርድ ልብሱን አነሣን፤ ነጠላውን ገለጥን። ቢላዋው አየር ላይ ቀረ። ሊጡ ተነሥቶ ብርድ ልብሱን ሲገፋ፣ ዙሩም፣ ቋጠሮውም፣ ቀዳዳውም በነጠላው በኩል አልፎ ፊቱ ላይ ታትሟል። ከመሀል ተነሥቶ ወደ ዳር፣ አንድም ሳይዛነፍ። በሠላሳ ምናምን ዓመት የኪሮሽ ሥራዬ እንደዚያ የተስተካከለ ዳንቴል አልወጣልኝም።

አደይ ጎንበስ ብለው አዩት፤ ቢላዋውን አስቀመጡ። «የዘንድሮው ጌጥ ወጥቷል» አሉ።

በማግስቱ ሕምባሻው ሲቆረስ ጎረቤቴ መጀመሪያ አገላብጣ አየችው፤ ክር ፍለጋ መሆኑ ገብቶኛል። ከዚያ ጌጡን ማን እንዳወጣው ጠየቀች። ልጁ ከማንም ቀድሞ፣ «የኔ ብርድ ልብስ» አለ።

ደስታው ልቤን ነካውና እዚያው ማልኩ። እንግዶቹ ሲሄዱ ቢጫ ክር ገዝቼ የቀረውን አንድ እጅ ልጨርስ፣ ከፈለገም ዳሩን አስፍቼ ለቁመቱ ላደርስለት። ፌስታሉን ከቁም ሳጥኑ ሳወጣ አደይ ከመቀመጫቸው አዩኝ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ብርድ ልብሱን ልጨርስለት ነው አደይ።»

እንዝርቱን አቆሙት።

«ተይ ልጄ። ከጨረስሽው ልጁ ይዞት ይሄዳል። የከርሞው ሊጥ ምን ሊለብስ ነው?»